ውሃው ወርዷል

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤
ልጆች ኳስ ይገፉበታል፣
ግመል በሆዱ ያልፋል፣
የቸኮለ ባጃጅ አቋርጦት ከዚራ ይወጣል።
አንድ ሌሊት ግን፣
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ኮከብ እንደተዘረጋ፣
ከደንገጎ ማዶ ያላየነው ደመና የተሸከመው ሁሉ
በር ሳያንኳኳ ይገባል።

የኔም እንዲሁ ነው።
ምን ጎደለሽ? ይሉኛል። ማን ሞተብሽ? ይሉኛል።
ማንም አልሞተብኝ፣ ምንም አልጎደለኝ፤
ሰማዬ እንደጠራ ጎርፍ ነው የወሰደኝ።

ሰባተኛ ክፍል፣ አራተኛ ፔሬድ፣ ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር።
ሦስት አራተኛ ብዬ ጻፍኩና
ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ።
ቾኩ እጄ ላይ፣ ሰሌዳው ፊቴ፤
የት እንዳለሁ አውቃለሁ፣
ለምን እንዳለሁ ነው የጠፋኝ።
ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ።
ኋላ ረምላ፣ ያቺ ለፍላፊዋ፣ ከመጨረሻው ወንበር ተነሥታ
ቾኩን ከጣቶቼ መሃል እንደ እሾህ ነቅላ
«ቲቸር፣ አቦ ተቀመጪ» አለች።
ተቀመጥኩ።
አራት ወር ተቀመጥኩ።

ቆርቆሮው በቀትር ሲንጣጣ እሰማለሁ፣
ፊቴን ለግድግዳ ሰጥቼ እውላለሁ፤
አንዲት የሻይ ብርጭቆ ማጠብ
ሐረር ድረስ ዳገቱን በእግር እንደ መውጣት ሆነብኝ።
ጸበልም ሄድኩ፣ ሼኹም ቀሩልኝ፤
ሁለቱም «ታገሺ» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም።
ኋላ ሆስፒታል፣ የአግዳሚው ጫፍ፣
ግማሽ ኪኒን፣ የቾክ ፍርፋሪ የምታህል፣
እሷም ቀስ እያለች።

ደንገጎ ላይ ሱቅ ያለው ሮብሌ የሚባል ሰው አለ።
ስሙ በሱማልኛ ዝናብ አለበት ይላሉ።
ያ ክፉ ጎርፍ እህቱን ከወሰደ ወዲህ
ዳገቱ ላይ ሰማይ ሲጠቁር ስልክ ይመታል።
«እንዴት አመሻችሁ» የለ፤ ሁለት ቃል ብቻ፦
ውሃው ወርዷል።
ሮብሌ ጎርፍ አያቆምም፣ ጠጠር አያነሣም፤
ግን እሱ መደወል ከጀመረ
ከግቢያችን ፍራሽ ሄዷል፣
ሰው አልሄደም።

ይህንን በካሬ ደብተር የምጽፈው ለዚያ ነው፤
አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ
ጫማህን ብቻ ስታይ ለነበርከው የሳቢያን ልጅ።
ስምህን አልጠየቅኩህም።
ሐኪም አይደለሁም፤
ከአንተ ትንሽ ከፍ ብዬ የምኖር፣
ቀድሞ የዘነበብኝ ሰው ነኝ።
ስማኝ፦
የሚወድህ ሰው ስልክ ሲጠራ ቁጭ ብለህ ካየኸው፣
ምሳን ረስተህ እራትንም ከረሳኸው፣
«ብጠፋ ይገላገሉኛል» የሚል ድምፅ በለሆሳስ ከመጣ፣
እሱ አንተ አይደለህም፤ ውሃ ነው።
ለአንድ ሰው ንገር። ለመንደሩ አይደለም፤ ለአንድ።
በጨለማ ደግሞ አትለካው፤
ጎርፍ ሌሊት ሲያዩት ማዶ የለውም፣
ሲነጋ ወርዱ ሰባ እርምጃ ነው።

ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ቤት ይሠራበታል ይላሉ።
ይሁን።
እኔ ገና ጭቃ እየጠረግኩ ነኝ፣ አልዋሽህም።
ሰኞ ክፍል ገባሁ፣ ሦስት አራተኛን ጨረስኩት፤
ማክሰኞ ቀረሁ።

አሁን ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል።
ውሻ እንኳ አይጮህም።
እኔ ግን ከሩቅ፣ ከጎድኔ ሥር፣
ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ።
አምና ቢሆን ዝም እል ነበር።
የባሌን ትከሻ ነካሁ፦
«ዘካርያስ፣ ውሃው ወርዷል።»
ባንኖ ተነሣ፤ ጫማውን በዳበሳ ፈለገ፤
«ፍራሹን ላንሣ?» አለኝ።
ሳቄ መጣ።
«ተወው» አልኩት፣ «ላዩ ላይ ተቀመጥ።»